ሰሚው የት ቆሞ ነበር?

ግላስጎ፣ ማርች 4 ቀን 1957

ለኤፊ፣

አጎትሽ ሁዊ ደህና ነው፤ አክስትሽ ፔግም ደህና ናት፤ ድመቷ ብቻ ከወተት አምጪው ጋር ተጣልታ አኩርፋለች። አንቺስ? ኤድንበርግ እንዴት ይዞሻል? እዚያ አገር እንግዳ ሲመጣ በሩ ላይ "ሻይህን ጠጥተህ ነው የመጣኸው፣ አይደል?" ብለው ምንም ሳያቀርቡ እንደሚቀበሉት ሁላችንም ስለምናውቅ ፔግ በስኳርና በወተት የሠራችውን ጣፋጭ በዚህ ጥቅል አስገብታልሻለች። ለአለቃሽ ለወይዘሪት ዳልሪምፕል አንድ ስጫት። ሁለት እንዳትሰጫት፣ ትለምዳለች።

ስለ "ጋለስ" ጠየቅሽኝ። የተማራችሁት ሁሉ አንድ ቤት ተሰብስባችሁ መዝገበ ቃላት እያዘጋጃችሁ፣ ሃያ ስድስት ዓመት በትራም ቲኬት ጀርባ ቃል ሲጭር የኖረ ሽማግሌ ትጠይቃላችሁ! ደስ ብሎኛል፤ ለፔግም ሦስት ጊዜ አነበብኩላት።

አዎ፣ የቃሉ ሥር መስቀያው ነው፤ ወንበዴ የሚንጠለጠልበት እንጨት። ድሮ ጋለስ የተባለ ሰው ገመድ የሚጠብቀው ሰው ነበር። ጥርት ያለ ስድብ። ዛሬ ግን እዚህ ከተማ አንዲት ልጅ ቀይ ኮቷን ለብሳ ከሚበር ትራም ፊት መንገድ ታቋርጥና፣ ሹፌሩ ሲሳደብ ዞር ብላ እጅ ትነሳዋለች። ከትራሙ ላይኛው ፎቅ የተቀመጠው ሁሉ "አቤት ጋለስ!" ይላል። ባለፈው ሳምንት ደግሞ አንድ እርግብ ከፖሊስ እጅ ዳቦ ነጥቆ እዚያው ትከሻው ላይ ተቀምጦ በላ። እሱም ጋለስ ነው። ደፋር ማለት ብቻ እንዳይመስልሽ። ደፍሮ፣ መድፈሩንም አውቆ፣ በሱም የሚስቅ ማለት ነው። ፈሪ ሰው ሺ ጊዜ ቢያምርበት ጋለስ አይባልም። ይህን እንደወረደ ጻፊው።

ስድቡ መቼ ምስጋና ሆነ ላልሽው፣ የ1792ን ምሳሌ ጽፌ የላክሁላችሁ ነጭ ካርድ እጅሽ ላይ አለ አይደል? እሱ ይበቃሻል። ምሳሌውን ያገኘሁበትን ወረቀት የቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ቁጥር ፈልጌ እጽፍልሻለሁ። አሁን ፔግ ለእራት እየጠራችኝ ነው፤ ድንቹ ከቀዘቀዘ የምሰቀለው እኔ ነኝ።

አጎትሽ ሁዊ ጊልክሪስት


ኤድንበርግ፣ ማርች 8

አጎቴ፣

ጣፋጩ ደርሷል። ወይዘሪት ዳልሪምፕል ሁለት ወሰደች፤ ያውም ሳልሰጣት። የእርግቡን ነገር ሳነብላት ሳቀች፤ እዚህ መሥሪያ ቤት ስትስቅ የሰማ ሰው የለም። የጽሕፈት መኪናዎቹ ሁሉ ቆሙ።

የመደርደሪያ ቁጥሩን ግን ቶሎ ላክልኝ። ነገሩ ቀልድ እንዳይመስልህ ልንገርህ። እኛ የምናዘጋጀው የመዝገበ ቃላቱ ክፍል ማርች 29 ቀን ማተሚያ ቤት ይገባል። "ጋለስ" ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ብቻዬን የሠራሁት የመጀመሪያ ቃሌ ነው። የሙከራ ጊዜዬም የሚያልቀው በዚያው ሳምንት ነው። ወይ እቀጠራለሁ፣ ወይ ዕቃዬን ይዤ እወጣለሁ። ወይዘሪት ዳልሪምፕል ሥራዬን የምትመዝነው ደግሞ በዚህ ቃል ነው፤ ራሷ ነግራኛለች።

ቃሉ የቆመው ባንተ ካርድ ላይ ነው። ከሱ በፊት ያሉኝ ካርዶች ሁሉ ስድብ ናቸው፣ ከሱ በኋላ ያሉት ሁሉ ምስጋና። የተገለበጠበትን ቀን የሚያሳየኝ እሱ ብቻ ነው። እንዳትረሳው ቃል በቃል ልገልብጥልህ፦

"1792። ግላስጎ። በጎዳና ላይ የሚሸጥ የወሬ ወረቀት። 'ጋሪው ቁልቁል ሲንደረደር ነጂው ዘሎ ወረደ፤ አብራው የነበረችው ልጅ ግን ልጓሙን ይዛ አቆመችው። ስትሰድባት የኖረች አንዲት አሮጊትም፣ አንቺ ልጅ፣ እውነትም ጋለስ ነሽ ብላ እጇን ሳመቻት።'"

እንዴት ያምራል! ወይዘሪት ዳልሪምፕል ባለፈው ሐሙስ በአዳራሽ ንግግሯ ላይ አነበበችው፣ ሰዉም አጨበጨበ። አሁን ከአበርዲን አንድ ፕሮፌሰር ዋናውን ወረቀት ፎቶ አንሥታችሁ ላኩልኝ ብለው ጽፈዋል። የት መደርደሪያ ላይ ነው አጎቴ? ቁጥሩን ብቻ።

ኤፊ


ግላስጎ፣ ማርች 13

ለኤፊ፣

ስለዘገየሁ ይቅርታ። እግሬ ነው። ዝናብ ሊጥል ሲል እንደሚነግረኝ ታውቂያለሽ፤ በዚህ ሳምንት ደግሞ ወሬው በዝቶበታል። እስከ ትራም ማደሪያው ድረስ በዱላ ነው የምሄደው፤ ቲኬት ቆራጮቹ ሴቶች "ጋሽ ሁዊ፣ ዱላው ነው የሚነዳህ ወይስ አንተ?" እያሉ ይቀልዱብኛል። እኔም "እናንተ ከምትነዱኝ ዱላው ይሻላል" አልኳቸው። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ እየሳቁ ዋሉ።

የፔግ ወንድም ከካናዳ ደብዳቤ ጻፈ። ሦስተኛ ሴት ልጅ ወለደ። ስሟን ማን እንዳላት ብነግርሽ አታምኚም፣ ስለዚህ አልነግርሽም።

ስለ ቤተ መጻሕፍቱ፣ ያን ክፍል እያደሱት ነው መሰለኝ። ወይም ወረቀቱን ወደ ሌላ ቦታ አዛውረውት ይሆናል። ሦስት ዓመት ሆኖት የለ።

አንድ ነገር ላማክርሽ። ያችን ካርድ ብትተዪአትስ? አንዲት ወረቀት ናት። ያለሷም ቃሉ ያምራል። "ድሮ ስድብ ነበር፣ ዛሬ ምስጋና ነው፣ መቼ እንደተለወጠ አይታወቅም" ብትይ ማን ይከስሻል? ሰውም ቢሆን መቼ እንደተለወጠ የማይታወቅ ስንት አለ።

ፔግ ሰላም ብላሻለች። ስጽፍልሽ የምድጃውን መደርደሪያ እየወለወለች ነው፤ ዛሬ ቅዳሜ እንኳ አይደለም።

አጎትሽ


ኤድንበርግ፣ ማርች 17

አጎቴ፣

ትናንት ግላስጎ ነበርኩ። እናንተ ዘንድ አልመጣሁም። ሻይ ጠጥቼ ነበር።

ቤተ መጻሕፍቱን የሚያድስ ማንም የለም። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስኪዘጋ ድረስ ተቀምጬ የ1792ን የወሬ ወረቀቶች አንድ በአንድ አገላበጥኩ። የ91ንም፣ የ93ንም። የቤተ መጻሕፍቱ ሰው ስምህን ስነግረው ፊቱ በራ፤ "ሚስተር ጊልክሪስት! የማክሰኞው ሰው!" አለኝ። የጠየቅካቸውን ወረቀቶች ሁሉ የሚመዘግብበት ደብተር አለው፣ እሱንም አየሁት። በ1954 አንድም የ1792 ወረቀት አልጠየቅህም።

ካርዱን የጻፍክበት ቀን ከታች አለ። ኦክቶበር 9 ቀን 1954። እናቴን የቀበርነው ኦክቶበር 5 ቀን ነው።

ልቆጣህ ፈልጌ ነበር፣ ገና አልቻልኩም። ባቡር ላይ ሆኜ ካርዱን ሃያ ጊዜ አነበብኩት። ሥራዬ ይህ ነው፤ ለምን አንድ ቃል እዚያ እንደተቀመጠ መጠየቅ። ቃሉን ለማሳየት የሚያስፈልጉት አሮጊቷና ልጅቷ ናቸው። "ነጂው ዘሎ ወረደ" የሚለውን ማን ፈለገው? ለቀልድ የሚዋሽ ሰው ጀግና ይፈጥራል። ፈሪ ለምን ፈጠርክ?

ክፍሉ ማተሚያ ቤት ሊገባ አሥራ ሁለት ቀን ቀርቶታል።

ኤፊ


ግላስጎ፣ ማርች 19

ኤፊ፣

እሺ። ፈጥሬዋለሁ።

ሰው እንደ ልማዱ ነው፤ እኔ ደግሞ ተንኮል ልማዴ ነው። በሠርግሽ ቀን የአጎትሽን የዊሊን ኮፍያ በሙጫ የሞላሁት እኔ እንደሆንኩ ታውቂያለሽ። ያን ሳምንት ከፍቶኝ ነበር፤ ራሴን ላስቅ ብዬ አንድ ካርድ ፈጠርኩ። ከሺህ አንድ መቶ አርባ ካርድ አንዷን። የተቀሩት እንደ ወንጌል ናቸው፤ ማንንም ጠይቂ።

ለወይዘሪት ዳልሪምፕል "ያ ሽማግሌ አታለለኝ" በያት። እውነት ነው። ስሜን ሰርዙት። የፈለጋችሁትን ጻፉልኝ፣ እፈርማለሁ። አንቺ ግን ሥራሽን እንዳታጪ።

ነጂው ምንም አይደለም። ዝም ብሎ የገባ ነው። ጋሪ ካለ ነጂ ይኖራል።

ሁዊ


ኤድንበርግ፣ ማርች 21

አጎቴ፣

ዛሬ ጠዋት ለወይዘሪት ዳልሪምፕል ነገርኳት። አልጮኸችም፤ ብትጮኽ በተሻለኝ። ነጩን ካርድ አወጣችና ጠረጴዛዋ ላይ በግንባሩ ደፋችው። ከዚያ፣

"ያለዚህ ካርድ ምን አለሽ?" አለችኝ።

"ምንም።"

"አጎትሽ ለሃያ ስድስት ዓመት ካርድ ልኮልናል። ኮማ አሳስቶ አያውቅም። እንዲህ ያለ ሰው ዓረፍተ ነገሩን ከየትም አያመጣውም። ዓመቱን ነው የዋሸው። ወረቀቱን ነው የዋሸው። ንግግሩን ግን ሰምቶታል" አለች። ከመሳቢያዋም ሰማያዊ ካርድ አውጥታ ሰጠችኝ።

ደንቡን ካንተ በላይ የሚያውቅ የለም። ነጩ ካርድ ለታተመ፣ ሰማያዊው በጆሮ ለተሰማ። ታዲያ በጆሮ የሰማኸውን ለምን በሰማያዊው አልላክኸውም? እኔ የገባኝ መሰለኝ። ነጩ ካርድ የሚጠይቀው ገጹን ብቻ ነው። ሰማያዊው ከታች ሦስት ጥያቄ አለው። ተናጋሪው ማን ነው? የትና መቼ? ሦስተኛው፣ ሰሚው የት ቆሞ ነበር?

ካርዱን እዚህ ውስጥ ጨምሬልሃለሁ። ማክሰኞ እጄ ላይ ከደረሰና እውነት ከሆነ ቃሉ በሱ ይቆማል። ካልሆነ፣ "ከእንግዲህ ከዚህ ቤተሰብ ምንም አልቀበልም" ብላኛለች። ቤተሰብ ስትል እኔንም ጨምራ ነው።

እንደገና እንዳትቀልድብኝ። እለምንሃለሁ።

ኤፊ


ግላስጎ፣ እሑድ ማርች 24

የእህቴ ልጅ ኤፊ፣

ይህን ደብዳቤ ከመጻፌ በፊት ለፔግ ነገርኳት። አርባ ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ የምድጃው መደርደሪያ ላይ ያለውን የኪስ ሰዓቴን ስትወለውል የኖረችው ፔግ። ያን ሰዓት ታውቂዋለሽ፤ ልጅ ሆነሽ ጆሮሽ ላይ አስጠግተሽ ትሰሚው ነበር። ከጀርባው ምን እንደተቀረጸበት ታስታውሻለሽ? "ለሁዊ ጊልክሪስት፣ ቦታውን ላልለቀቀ። ከተሳፋሪዎቹ።"

ቦታዬን ለቅቄ ነበር።

ጃንዋሪ 1916 ነው። ወንዶቹ ወደ ጦርነቱ እየሄዱ ሴቶቹ ትራም ላይ መውጣት የጀመሩበት ጊዜ። እናትሽ ናን አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር፤ እኔ በምነዳው ትራም ላይ ቲኬት ትቆርጥ ነበር። በየቀኑ ሚስስ ማክግላሻን የሚሏት አሮጊት ከስፕሪንግበርን ትሳፈራለች። በየቀኑም ናንን ከእግር እስከ ራሷ ታይና "ጋለስ! የወንድ ሥራ ይዘሽ፣ ቁርጭምጭሚትሽን ለሕዝብ እያሳየሽ! ጋለስ!" ትላታለች። ያኔ በሷ አፍ ቃሉ ገና ገመዱ አልወለቀለትም ነበር። ናንም "ሚስስ ማክግላሻን፣ ለስድቡ ሌላ ቲኬት ይቆረጣል" ትላታለች፤ ትራሙ በሳቅ ይሞላል።

ያን ቀን ሐዲዱ በረዶ ነበር። ቁልቁለቱን ስንጀምር ፍሬኑን አዞርኩ፤ ጎማዎቹ ቆሙ፣ ትራሙ ግን አልቆመም። ተንሸራተተ። እንደገና አዞርኩ። ከታች፣ ከመታጠፊያው ላይ፣ በከሰል የተሞላ ጋሪ ቆሞ አየሁ። ኤፊ፣ ከዚያ በኋላ ያሰብኩትን እንድነግርሽ ትፈልጊ ይሆናል። አላሰብኩም። እጄ ፍሬኑን ለቀቀ፣ እግሬም ወጣ። ይኸው ነው። ስዘል ከኋላዬ የእናትሽን ድምፅ ሰማሁ። "ሁዊ!" አላለችም። "ሁላችሁም ያዙ!" ነው ያለችው፣ ለተሳፋሪዎቹ።

እሷ ሮጣ ፍሬኑን ያዘች። ጎማው እንዳይንሸራተት ሐዲዱ ላይ አሸዋ የሚያፈሰውን ፔዳል እየረገጠች፣ እጀታውን በሁለት እጇ እያዞረች፣ ከጋሪው አንድ ክንድ ሲቀራት አቆመችው። ሃያ ሰባት ሰው ነበር የተሳፈረው። እኔ አርባ እርምጃ ያህል ወደ ኋላ፣ እግሬ ተሰብሮ፣ መንገድ ዳር ተኝቼ ነበር።

ሰዎቹ ወደኔ እየሮጡ መጡ። ሚስስ ማክግላሻን በናን ክንድ ተደግፋ ከሁሉ በኋላ ደረሰች። ቆማ አየችኝ። ከሁሉ ፊት የተቀመጠችው እሷ ስለነበረች ስዘል አይታኛለች። ወደ ናን ዞረችና እጇን ይዛ፣ "አንቺ ልጅ፣ እውነትም ጋለስ ነሽ" አለቻት። ድምፅዋ ተለውጦ ነበር። ያው ቃል ነው፤ ሌላ ሰው የተናገረው ይመስል ነበር። እጇንም ሳመቻት።

ከዚያ ተቆጣጣሪው መጣ። "ምን ሆነ?" ሲል ናን ቀደመችኝ። "ወንድሜ እስኪወድቅ ድረስ ፍሬኑ ላይ ነበር፤ ነውጡ ነው የወረወረው" አለች። ዓይኔን እንኳ አላየችም። ሚስስ ማክግላሻንም ዝም አለች። በአንዷ ውሸትና በሌላዋ ዝምታ ሰዓት ተሸለምኩ። በተሰበረው እግሬም ሠራዊቱ ሳይወስደኝ ቀረ፤ አብረውኝ የነዱት አሥራ አንድ ወንዶች ሲሄዱ እኔ ቀረሁ።

አንድ ቀን፣ አንቺ ሳትወለጂ፣ "ለምን ዋሸሽልኝ?" አልኳት። ዕቃ እያጠበች ነበር። "ከሥራ ቢያባርሩህ የእናታችንን ቤት ማን ይይዘው ነበር? ደግሞም ሁዊ፣ ከዚያ በኋላ ስትቀልድ እሰማሃለሁ። ከዚያ በፊት እንዲህ አትቀልድም ነበር። ይበቃሃል" አለችኝ። ሌላ ቀን አላነሣነውም።

ስትሞት ግን ይህ ነገር የሚኖረው በኔ ራስ ውስጥ ብቻ ሆነ። እኔም ስሞት ማንም አያውቀውም። ከመዝገበ ቃላት የሚበልጥ መቃብር ላሠራላት አልችልም ነበር። ሰማያዊውን ካርድ አውጥቼ ጀመርኩ፤ ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ስደርስ ብዕሬ ቆመ። አንድ ሌሊት አደረ። በማግስቱ ነጩን አነሣሁ። ትራሙን ጋሪ አደረግኩት፣ ዓመቱን ወደ ኋላ ወሰድኩት። ነጂውን ላወጣው ሞክሬ ነበር። አልወጣም አለኝ።

ፔግ ሰምታኝ ስታበቃ ተነሥታ ሰዓቱን ከመደርደሪያው አወረደችውና ኪሴ ውስጥ ከተተችው። "ከእንግዲህ ራስህ ወልውለው" አለችኝ። እራት ግን ሰጠችኝ።

ካርዱን ሞልቻለሁ። አንቺና ወይዘሪት ዳልሪምፕል ስታነቡት አንድም ቀልድ አታገኙበትም።

ሁዊ


ኤድንበርግ፣ ኤፕሪል 2

አጎቴ፣

ካርዱ ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት ደረሰ። ያለ ደብዳቤህ፣ ብቻውን፣ ወይዘሪት ዳልሪምፕል ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት። ከላይ እስከ ታች አነበበችው፤ ከዚያ መነጽሯን አውልቃ እንደገና አነበበችው።

"ሠላሳ ዓመት በዚህ ሥራ ላይ ነኝ" አለችኝ። "በሦስተኛው መስመር ላይ ሰዎች 'በሩ አጠገብ' ይሉኛል። 'ከኋላዋ' ይሉኛል። እንዲህ ብሎ የጻፈልኝ የለም።"

ፍርዱ ይህ ነው። ስምህ እያነበቡ ካርድ ከሚልኩልን ሰዎች ዝርዝር ተሰርዟል፤ ደግመህ ካርድ አትልክም። ሺህ አንድ መቶ ሠላሳ ዘጠኙን ካርዶችህን እኔ አንድ በአንድ ከዋናው ጋር አስተያያለሁ። አንዲት ሌላ የተፈጠረች ካገኘሁ ሁሉም ወደ እሳት። ለአበርዲኑ ፕሮፌሰር ራሷ ጽፋላቸዋለች፤ በአዳራሽ የተናገረችውንም በሚቀጥለው ሐሙስ ልታርመው ነው። እኔን አልቀጠረችኝም፣ አላሰናበተችኝምም። የሙከራ ጊዜዬን ስድስት ወር አራዘመችው፤ ካርዶችህን ለማስተያየት የሚፈጀው ጊዜ ይኸው ነው አለች። አርባ ያህሉን ጨርሻለሁ። እስካሁን ኮማ አላሳሳትክም። እባክህ እስከ መጨረሻው እንዲህ ሁንልኝ።

ክፍሉ ዓርብ ማተሚያ ቤት ገባ። በ"ጋለስ" ሥር፣ ከስድቡ ቀጥሎ፣ እንዲህ ይላል፦ "ደፋር፣ ደፍሮም የሚስቅ፤ በአድናቆት። ግላስጎ፣ 1916፤ ለናን ጊልክሪስት የተነገረ።" በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ከነገሥታትና ከባለቅኔዎች ሌላ በስሙ የተጠራ ሰው የለም። ወይዘሪት ዳልሪምፕል ስሙን ልታወጣው ቀይ እርሳሷን አነሣች፤ መልሳም አስቀመጠችው።

ሦስተኛው መስመር አይታተምም። ያን ደንብ ታውቀው ነበር? ለአዘጋጆቹ ማረጋገጫ ብቻ ነው፤ ካርዱ ጋር መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ ከኔ፣ ከሷና ከአክስቴ በቀር አንተ የጻፍከውን የሚያነብ የለም። "አልቆመም። ከእግራቸው ሥር፣ መንገድ ዳር ወድቆ ነበር።"

ተቆጥቻለሁ፣ አጎቴ። ስለ ካርዱ አይደለም። እናቴ የማርማላታ ጠርሙስ መክፈት አትችልም ነበር። ቀኝ እጇ አይዞርም። ልጅ ሳለሁ ሁሉን የምከፍትላት እኔ ነበርኩ፤ "ልብስ ማጠብ ነው የኔ ልጅ" ትለኛለች። ሃያ አራት ዓመት ልብስ ማጠብን ስጠላ ኖሬአለሁ፤ ለካ ያ አንተ የለቀቅከው ፍሬን ኖሯል። ያን እጅ አንድ ቀን እንደ ሚስስ ማክግላሻን ልስመው እችል ነበር። ይህን ወስደህብኛል፤ ዝም ብዬ ላልፈው አልችልም።

ቅዳሜ በአምስት ሰዓቱ ባቡር እመጣለሁ። ሰዓቱን ይዘህ ጠብቀኝ፤ ጣቢያው አጠገብ ስም የሚቀርጽ ሰው አለ፣ የሚፋቅም ነገር ካለ ይፍቃል። በመንገዱ ላይ የትኛው ጋ እንደዘለልክ፣ እሷም የት ጋ እንዳቆመችው ታሳየኛለህ። አርባውን እርምጃ በእግራችን እንሄደዋለን፣ ዱላህን ያዝ።

ለአክስቴም ንገራት። ሻይ ሳልጠጣ ነው የምመጣው።

ኤፊ